ጡት ያስጣልኩበት መኸር

መስከረም 21 ቀን 1989 ዓ.ም.

ከባሌ አገር ከገረሴ ተመለስን። መስቀል አለፈ፤ ሥጋውም ቅቤውም የዘመድ ወሬውም አለቀ። ይህ ደብተር ለኢየሩስ የተገዛ ነበር። መስመሩ ሰፊ ነው፣ የአንደኛ ክፍል ነው ብላ ጠላችውና እኔ ወረስኩት። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ኩራቷ ግን የአርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ተማሪዎችን ያስንቃል።

የምጽፈው ለሰው የማልናገረው ነገር ስላለኝ ነው። በቀጥታ ልበለውና ይውጣልኝ፤ ባሌ እኔን መንካት ትቷል። ነሐሴ ላይ አጎቱን ኦይታን ለኦፕራሲዮን አዲስ አበባ ይዞት ሄዶ ነበር። ከዚያ ከተመለሰ ጀምሮ የሚተኛው ሳሎን ነው። ወገቤን ያመኛል፣ መሬት ይሻለኛል አለ። ኤርጫፎ የወባ መከላከያ መኪና ሹፌር ነው፤ የመስኩ መንገድ ወገብ ይሰብራል፤ አመንኩት። ለአጎቱ ደም ልስጥ ብሎ ሄዶ ደግሞ ደምህ አይሆንም ብለው መለሱኝ አለ። ይህን የሚያህል ሰው ደሙ አልሆን ካለ የማን ሊሆን ነው ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

ገረሴ ገበያ የዘንድሮ ሙሽሮች ቅቤ ተቀብተው ሲዞሩ ቆመን አየን። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ቆሞ ማየትን ግን እስካሁን የከለከለን የለም። የልጃገረዶቹ ደረት ሸማውን ወደ ላይ ገፍቶታል። ኤርጫፎን በጎን አየሁት፤ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ሲያያቸው እንዳልይዘው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ዛሬ ልብሴን ስቀይር ድንገት ገባ። ጡቴን አየ። ትንሹ ልጄ ነህምያ ገና ጠብቶ የለቀቀው ነው፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ ነው የሚመስለው። «ይቅርታ» ብሎ በሩን ዘጋው። ባል የገዛ ሚስቱን ይቅርታ ብሎ ከክፍል ይወጣል?

መስከረም 25

ቁርስ ላይ ነህምያ እየጠባ ሳለ፦

«የኢየሩስ እናት፣ ይህን ልጅ ጡት አስጥይው» አለኝ።

«ገና ዓመት ከምናምኑ ነው እኮ።»

«ይበቃዋል። የላም ወተት እኔ አመጣለሁ።»

«እናትህ አንተን እስከ ስንት ዓመት ነው ያጠባችህ? ከብት እየጠበቅህ ትጠባ ነበር ይላሉ።»

«የኔን ተይው። ከዛሬ ጀምሮ ይተው። ገባሽ? ከዛሬ ጀምሮ።»

እንዲህ ቆጥቶ ተናግሮኝ አያውቅም። ሲናገር ደግሞ ፊቴን አልነበረም የሚያየው፤ ጡቴን ነበር። አንድ ነገር ሊነድፈው የመጣ ይመስል ነበር አስተያየቱ። ገባኝ። ከዚህ በላይ ሳይወድቅ ይትረፍ ማለቱ ነው።

ሰው ስም ሲያወጣ ትንሽ ማሰብ አለበት። አባቴ በለጥሽ አለኝ። ከማን እንደበለጥኩ እስካሁን አልደረስኩበትም።

መስከረም 29

ሥራ ቦታ። ታይፑ ሪባን ጨርሷል፤ አለቃችን ስብሰባ ላይ ነው።

ሻሺቱ ከጎኔ ነው የምትተይበው፤ አሥር ጣቷም አፏም አያርፍም። ነገሩን የሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኳት፤ አንዲት ዘመዴ ጡቷ ወርዶ ተጨንቃለች አልኩ። ሻሺቱ ደረቴን አየችና ሳቋን ዋጠች።

«ለዘመድሽ ንገሪያት፤ አዲስ አበባ ጡት ያነሳሉ።»

«ወዴት ነው የሚያነሱት?»

«ወደ ላይ ነዋ! አንቺ ደግሞ!»

የአክስቷ ልጅ ጎረቤት የሆነች፣ ወርቅ ቤት ያላት ሴት አሠርታለች። በኦፕራሲዮን ቆርጠው፣ አንስተው፣ ሰፍተው። አሁን የሃያ ዓመት ልጃገረድ መስላለች፤ ባሏም መጠጥ ትቷል አለች ሻሺቱ። ጡቱና መጠጡ ምን እንዳገናኛቸው አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ የተየብኩት ሁሉ ስህተት ሆኖ ደግሜ ጻፍኩት።

ጥቅምት 2

እሬት ቀባሁ። ነህምያ አንዴ ቀመሰና ፊቱ ተጨማደደ። ከዚያ በእጁ ጠርጎ እንደገና መጣ! የአባቱ ልጅ፣ መንገድ የማያቆመው። ድጋሚ ቀባሁ። አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ጥቅምት 5

ጡቴ ድንጋይ ሆኗል። ነጠላ ጠፍሬ አስሬበታለሁ። ትኩሳት አለኝ። ነህምያ የመኝታ ቤቱን በር በመዳፉ ይመታል። አልከፈትኩለትም።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፤ ሰው ሲያቅፈኝ ያመኛል። እቤት ቁጭ ብዬ ባሌን አየሁት።

ወተት ያፈላል። ኤርጫፎ፣ ውሃ እንኳ ቀድቶ የማይጠጣው ሰውዬ፣ ላንቴ መንደር ድረስ ሄዶ ወተት ያመጣል፤ ያፈላል፤ ሲኒውን ደግሞ ለብቻ ይቀቅለዋል። ነህምያን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በማንኪያ ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ልጁ ሲተፋበት በሸሚዙ ይጠርግና እንደገና ይጀምራል። ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ ይስቃል፤ «ኤርጫፎ፣ መቼ ወለድክ?» ይሉታል። እሱ ማንኪያውን ይሞላል።

ሌላ ሴት ብትሆን ባሌ ተባረከ ብላ ትዘምር ነበር። እኔ ግን በቅናት ተቃጠልኩ። ልጁን እንዲህ የሚያቅፍ ሰው እኔን ሲያልፍ ግድግዳውን ታክኮ ነው የሚያልፈው። በኮሪደሯ ክንዴ ክንዱን ቢነካው እንኳ ይደነግጣል። ኢየሩስ ሁሉን ታያለች። «እማዬ፣ አባዬ ጢሙን የተላጨበትን ምላጭ ሽንት ቤት ጣለው፤ ለምንድነው? አዲስ እኮ ነው» አለችኝ። ተጠንቅቆ ነው፣ እናንተ እንዳትቆረጡበት አልኳት። ልጆቹን ይወዳል። የማይወደው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጥቅምት 14

ሲቀላ ገበያ፣ ማሚቱ ሱቅ። ማሚቱ ከአዲስ አበባ ልባሽ አውርዳ ትሸጣለች፤ ጡት መያዣውን እንደ ቋንጣ በገመድ ሰቅላዋለች። አንሶላ ጋርዳልኝ ለካሁ። ሽቦ ያለው፣ ውስጡ ስፖንጅ። በመስታወቷ አየሁት። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ፤ ሌላ ሴት ቆማለች።

«ይኸው! ኦፕራሲዮን ምን ይሠራል!» አለች ማሚቱ። ሻሺቱ ነግራታለች ማለት ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ምስጢር ከሴቻ ወደ ሲቀላ ለመውረድ መኪና አይጠብቅም።

አድርጌው ገባሁ። ኤርጫፎ ቀና ብሎ አየኝ፤ ደረቴ ላይ ዓይኑ ቆመ፤ ፊቱም ጠቆረ።

«ነህምያ ዛሬ ወተቱን ጨረሰ?» አለ።

ይኸው ነው ያለው። ማታ ጡት መያዣውን ስፈታ ሁለቱም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሽቦው ከሥራቸው ቀይ መስመር ሠርቷል።

ጥቅምት 20

የውሃ ቴክኖሎጂ ልጆች ጠዋት ጠዋት እየሮጡ መጥተው መንገድ ዳር ፑሽ አፕ ይሠራሉ። ሻሺቱ ለጡትም ይሆናል ብላኛለች። ወጥ ቤት ውስጥ ሞከርኩ። ወርጄ መነሳት አቃተኝ። ኢየሩስ መጥታ ጀርባዬ ላይ ወጣች።

ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ምንም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ከጸሎት በኋላ ሲኒ የሚያጥቡ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። በሩ ጀርባ ቆሜ ነበር፤ ልገባ ስል።

«የሹፌሩን ሚስት አይተሻታል? ጡቷ ከእምብርቷ ጋር ሊጨዋወት ነው።»

«እህቴ፣ አንቺ ደግሞ! እሱስ ቢሆን ከስቶ የለም እንዴ? ቤቱ ሰላም ያለው አይመስልም።»

«ወንድ ልጅ መስክ መስክ የሚለው እቤቱ የሚያየው ሲያስጠላው ነው። እንጸልይላቸው።»

ጸሎቱ ይቅርብኝ። ደስ ብሏቸው ነበር የሚያወሩት። መክሳቱን ግን እኔ አላስተዋልኩም ነበር፤ ቤት ገብቼ አየሁት፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በስቷል። አይበላም። እኔ የሠራሁትን ስለማይወደው ነው ብዬ ዓሣ በዳጣ ሠርቼ አቀረብኩለት፤ የጫሞ ሐይቅ ዓሣ፣ ነፍሱ ነበር። ሁለት ጎርሶ ተነሳ።

ኅዳር 3

ዶክተር ሸዋንዳኝ ጋ ሄድኩ። የሻሺቱ ጓደኛ የሆነች ነርስ ናት ያስገባችኝ። ሐኪሙ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። የመጣሁበትን ስነግረው አልሳቀም። ለዚህ ብቻ ዕድሜውን ያርዝመው።

«እዚህ አይሠራም፤ እኔም አላውቅበትም» አለኝ። «የተቃጠለ ቆዳ የሚጠግኑ ሐኪሞች አዲስ አበባ አሉ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ ይህንንም ይሠራሉ።» ከዚያ በጣቱ የራሱ ጋዋን ላይ እየሳለ አሳየኝ። «ጡቱን በዚህ ዞረው ይቆርጡታል። ጫፉን ወደዚህ ያወጡታል። የተረፈውን ቆዳ አውጥተው ይሰፉታል። ጠባሳው ዕድሜ ልክሽን አብሮሽ ይኖራል። ጫፉ ሊደነዝዝ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ብትወልጂ ማጥባት መቻልሽ እርግጠኛ አይደለም። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል።»

«ታዲያ ለምን ይሠሩታል፣ ዶክተር?»

«ስለሚለመኑ።»

ቅባቱን ጠየቅኩት፤ ከንቱ ነው አለ። ስፖርቱንም ጠየቅኩት፤ ከጡት ሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ጡቱ ራሱ ግን ጡንቻ የለውም አለ። ልክሽ የሆነ ጡት መያዣ አድርጊ፤ ሌላው ዕድሜና ልጅ ያመጣው ነው፤ በሽታ አይደለም አለኝ። በሽታ ካልሆነማ መድኃኒትም የለውም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

«ልጁ ጡት ከተወ ግማሽ ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ማንም ሐኪም አይነካሽም። ከዚያ በፊትም ደምሽን ይመረምራሉ፤ ዘንድሮ ያለ ደም ምርመራ ቢላ የሚያነሳ የለም።» መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ባለቤትሽ ነው ወይ አድርጊው ያለሽ?»

«እሱማ ምንም አላለኝም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ምንም አላለኝም። ምንም ባለማለቱ ነው እኮ የመጣሁት!

ኅዳር 7

የኤርጫፎ እናት ነህምያን ሊወስዱት መጡ። ልጅ የእናቱ ሽታ ካልራቀው ጡት አይተውም፤ አያቱ ጋ ይሄዳል፤ በእኛ አገር የተለመደ ነው። እኔም ጡት የረሳሁት አያቴ ቤት ነው። ኤርጫፎ ራሱ ነው ያስጠራቸው። እማማ ግን ደስ አላላቸውም፤ በጋሞኛ አጉረመረሙ። «የልጅ ልጆቼን ሁሉ ያስጣልኩ እኔ ነኝ፤ ሁሉም ግን እየሮጡ ነበር የመጡልኝ። ይሄ ገና ይወድቃል» አሉ።

መኪናው ሲነሳ ነህምያ በመስኮቱ እጁን ዘረጋልኝ። ጡቴ አፈሰሰ። ቀሚሴ ሁለት ቦታ ረጠበ፤ በመንገድ ሙሉ ሰው ፊት።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ዛሬ ነገርኩት። ኢየሩስ ሰንበት ትምህርት ሄዳ ነበር። ከጓሮ፣ ከሙዙ ሥር ቁጭ ብሎ ጫማውን ይጠርጋል።

«ኤርጫፎ፣ ነገሩን አውቄዋለሁ» አልኩት።

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። እንዲያ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም፤ ከንፈሩ ነጣ። «ማን ነገረሽ?» አለ።

«ሰው መንገር አለበት? ዓይን የለኝም? ጡቴን እንደጠላኸው አውቃለሁ። ሐኪም ጋ ሄጄ ጠይቄያለሁ። አዲስ አበባ በኦፕራሲዮን ያነሱታል። ልሠራው ነው።»

ብሩሹን ከመሬት አነሳው። ከዚያ ትንፋሹን ለቀቀ፤ ሊስቅ ነው ስል ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ ደግሞ ሞኝ፣ ተጸጸተ ብዬ ልቤ ዘለለ።

«አያስፈልግሽም» አለ። «ቆዳሽን አያስቆርጡሽ።»

«መጀመሪያ ደም ይመረምራሉ፤ ዝም ብለው አይቆርጡም።»

ጫማውን አነሳ። አስቀመጠ። እንደገና አነሳ።

«ደም ይመረምራሉ?»

«አዎ፣ ግድ ነው አሉ።»

«እንግዲያው ሂጂ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከገና በኋላ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ። ደምሽን ብቻ ይዩልሽ። ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊ።»

ሂጂ አለኝ። የነገርኩት እንዲከለክለኝ ነበር። አያስፈልግሽም ያለው ለይሉኝታ ነው፤ ሦስት ቃል ሳንነጋገር ተለወጠ። እሺ። እሄዳለሁ። ይቁረጡት፣ ይስፉት፣ ይደንዝዝ። አሁንስ ምን ይሰማልና?

ኅዳር 15፣ እሑድ

ቤቱ ባዶ ነው። ኤርጫፎ መስክ። ኢየሩስ ከጎረቤት ልጆች ጋር።

ከመሄዱ በፊት ሸሚዙን ሲቀይር ጎኑን አየሁት። ከጀርባው ዞሮ እስከ ሆዱ ድረስ በአንድ በኩል ብቻ ቆዳው ጠባሳ ሠርቷል። መቼ እንደወጣበት እንኳ አላወቅኩም! መስክ ላይ ቅጠል ነክቶኝ ነው፣ ድኗል አለና ሸሚዙን ጎተተ። እሱም ገላውን ከኔ ይደብቃል፤ እኔም ከሱ። ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ የተጋራን ሰዎች፣ አሁን እንደ ሆቴል እንግዳ እየተጠባበቅን እንለብሳለን።

መሞት የምመኝ አይደለሁም፤ ልጆች አሉኝ። ጠዋት መነሳቱ ግን ይከብደኛል። የታይፑ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚመታው። ጌታ ሆይ፣ ሥጋ ከንቱ ነው ብለው ሰብከውኛል፤ አሜን ብያለሁ። ታዲያ ከንቱ የሆነው ነገር ሲወድቅ ቤቴ ለምን አብሮ ወደቀ?

ጡቴ ደርቋል። ነጠላውን ፈታሁት። ሲደርቅ ደግሞ ከበፊቱም ወረደ፤ ቆዳ ብቻ።

ኅዳር 24

ነህምያ ታሞ መጣ!

እማማ በአይሱዙ ጭነት መኪና ከሹፌሩ ጎን ይዘውት ወረዱ። ተቅማጥ። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ወተቱንም አጥሚቱንም እያስመለሰ። ሐኪም ቤት ሮጥኩ፤ የጨው ዱቄት በውሃ ሰጡን። በማንኪያ ሰጠሁት፤ ተፋው። እማማ በሩ ላይ ቆመው፦

«እናቱ ሳትሞት ጡት የተከለከለ ልጅ እንዲህ ነው የሚሆነው። ስጪው» አሉኝ።

«ኤርጫፎ…»

«ኤርጫፎን እኔ ነኝ የወለድኩት። ስጪው!»

ሰጠሁት።

ኅዳር 25

ደርቋል ያልኩት ወተት መጣ። ትንሽ ነው፤ ግን መጣ። ነህምያ ሳያስመልስ ያዘው። እንቅልፍም ወሰደው።

እዚህ ደብተር ላይ ካልዋሸሁ፣ ደስታዬ ከመዳኑ ብቻ አይደለም። ይህን የረገበ ቆዳ በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የዓለም ጌጥ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚጠባው። ለካ የሚፈልገኝ ሰው አለ። ኤርጫፎ እስኪመለስ ድረስ አጠባዋለሁ፤ ሲመለስ በስውር። ከእማማ ጋር ተስማምተናል፤ አንነግረውም። አዲስ አበባም አልሄድም። ይቅርብኝ።

ታኅሣሥ 1

ነህምያ ዳነ። ይሮጣል። ጉንጩ ሞላ። እማማ «አላልኩሽም?» ይላሉ። ኤርጫፎ ለአንድ ቀን መጥቶ ተመለሰ። ወተቱን አፍልቶ በሲኒ ሰጠው፤ ልጁ ጠግቦ ነበርና ገፋው። እኔና እማማ ተያይተን ሳቅን። ከመስቀል ወዲህ የሳቅኩት ዛሬ ነው።

ታኅሣሥ 5

አልችልም። ነገ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 8

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አፌ ውስጥ ይበሰብሳል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በጓሮው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነህምያን አጠባለሁ። ኤርጫፎ የሚመለሰው ሰኞ ነው ብዬ ነበር፤ መኪናው ተበላሽቶ ቀድሞ መጣ። ከጫሞ ዳር ዓሣ ገዝቶ በልጥ አንጠልጥሎ በጓሮ በኩል ገባ። ቀና ስል አየኝ። ዓሣው መሬት ወደቀ።

ሮጦ መጥቶ ልጁን በአንድ ክንዱ መነጨቀው። ነህምያ ጥርስ አውጥቷል፤ አልለቀቀም ነበር፤ ጫፉ ተሰነጠቀ፤ ደም ወጣ። ኤርጫፎ ያንን ደም ሲያይ የጮኸውን ጩኸት ከሰው ሰምቼው አላውቅም። ጣቱን የልጁ አፍ ውስጥ ከቶ ይጠርጋል፤ በሸሚዙ ምላሱን ይጠርጋል፤ ልጁ ይታነቃል። «ተፋው! ተፋው የኔ አባት!» ይላል። «ልጄን ገደልሽው» አለኝ። ወዲያው ደግሞ መሬት ላይ ቁጭ አለና ግንባሩን መታ። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

እማማ ልጁን ነጥቀው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔ ጡቴ እንደተገለጠ፣ ደሙ ወደ ሆዴ እየወረደ ቆሜያለሁ። እሱ አየው። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አላዞረም። ነጠላዬን አንስቶ አለበሰኝና ሙዙ ሥር ወስዶ ነገረኝ።

ለአጎቱ ደም ሊሰጥ የሄደ ጊዜ ነው። አንዲት ነርስ ለብቻው ጠራችው። ደምህ አይሆንም አለችው፤ ለምን እንደማይሆንም ነገረችው። ያ በሽታ ነው፤ ሬዲዮ የሚያወራው። ኤድስ። ይኸው ጻፍኩት። ከዚያ «የሚጠባ ልጅ አለህ?» ብላ ጠየቀችው። አለኝ አላት። «ሚስትህን አምጣና ትመርመር፤ ተይዛ ከሆነ በወተቷም ይተላለፋል» አለችው። እስካሁን ድረስ ይዞት የኖረው ይህንን ነው።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ጡቴን አልጠላውም ማለት ነው» የሚል ነበር። አንድ አፍታ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ነህምያ ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ ሰማሁት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ጀምሬ ስንት ጊዜ ተውኩት። ልጆቹን ይዘሽ ትሄጃለሽ ብዬ። ቤተ ክርስቲያን ትሰማለች ብዬ። በጸሎት ይለቀኝ ይሆናል ብዬ። ያን ቀን አውቄዋለሁ ስትዪኝ የሰማሽ መስሎኝ ነበር፤ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። አንቺ ስለ ጡት አወራሽ።»

«ከማን ነው?»

መስክ ላይ፣ አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት። ነህምያ ሆዴ ውስጥ እያለ። ጮህኩበት፣ ደረቱን መታሁት፤ ዝም ብሎ ተመታልኝ፤ አጥንቱ እጄን አመመኝ። ከዚያ ጠየቅኩት፤ እውነቴን ነው፣ ይህንን ጠየቅኩት፦ «ጡቷ ቀጥ ያለ ነበር?»

ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «አላስታውስም» አለ። «የሷን ፊት እንኳ አላስታውስም፣ የኢየሩስ እናት።»

ታኅሣሥ 11

እማማ አልተነገራቸውም። ባልና ሚስት ተጣሉ ብለው ያስባሉ፤ «አንድ ጡት ምን ያጣላል?» ይላሉ። ማታ ማታ ለነህምያ ይዘምሩለታል። ስጪው ብለው የጮሁትን አስባለሁ፤ ልነግራቸው አልችልም። አንዲት አሮጊት ይህን ይዛ ገረሴ አትመለስም።

ኤርጫፎ አሁንም ሳሎን ይተኛል። ይስላል። እሰማዋለሁ። እጠላዋለሁ። ደግሞ ብርድ ልብስ እወስድለታለሁ።

ታኅሣሥ 16

ዶክተር ሸዋንዳኝ ደም ወሰደልኝ። የጡቱን ነገር አስታወሰ፤ ለሱ አይደለም የመጣሁት አልኩት። ሁሉን ነገርኩት። ደሙ አዲስ አበባ ይላካል፤ ትጠብቂያለሽ አለ። ምናልባት አንቺ ነጻ ነሽ፤ ባልና ሚስት ሆነው አንዱ ብቻ የሚያዝበት አለ አለኝ። ነጻ ከሆንኩ ወተቱም ንጹሕ ነበር።

«ልጁስ?» አልኩት።

«አንቺ ብትያዢም ወተትሽን የጠባ ልጅ ሁሉ አይያዝም፤ የሚተርፉ አሉ። አሁን የሕፃኑ ደም ቢታይ እውነቱን አይነግረንም። ጡት ከተወ በኋላ ቆይቶ፣ ከፍ ሲል ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?»

«መጨረሻ ከጠባበት ቀን።»

እሬቱን በርትቼ ብቀባ ኖሮ፣ ገረሴ ከመሄዱ በፊት ቁጥሩ ተጀምሮ ነበር። እኔ ግን መለስኩት። ደስ ብሎኝ፣ እየሳቅኩ፣ መለስኩት።

ሻሺቱ ዛሬ ስለ አዲስ አበባው ጉዞ ጠየቀችኝ። ትቼዋለሁ አልኳት። «ጥሩ አደረግሽ፣ ባልሽ እንደሆነ እንዲሁ እንዳለሽም ይወድሻል» አለችና ትከሻዬን መታ አደረገች። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ገና ሊሆን ነው። እማማ ነገ ገረሴ ይመለሳሉ። ውጤት አልመጣም። ከአዲስ አበባ አውቶቡስ በገባ ቁጥር ልቤ ይቆማል።

ነህምያ እስከ ትናንት ድረስ ልብሴን ይጎትት ነበር። ዛሬም እሬቱን ቀባሁ፤ ሁለቱንም፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ማንም እንዳይነካቸው አድርጌ። ኤርጫፎ ወተቱን እያፈላ ነበር። ልጁ ጉልበቴ ላይ ወጣና ቀሚሴን ራሱ ገለጠው። ፊቱን ማየት ስላልቻልኩ ፀጉሩን አየሁት። ተጠጋ። አሸተተ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰና በትንሿ ጣቱ እያመለከተ አየኝ።

«ካካ» አለ።

ኢየሩስ ሳቀች። ኤርጫፎ ድስቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«አዎ የኔ ጌታ፣ ካካ ነው» አልኩት። «ካካ ነው፤ አትንካው።»

ፊቱን አዞረብኝና ወደ አባቱ ሮጠ። ከሲኒው ጠጣ፤ ሁሉንም ጨረሰ። ቀሚሴን ቆልፌ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።